የልጃችን ናት

በዚያች መኪና ተናድዶ በር ጓ አድርጎ መዝጋት አይቻልም። ገርበብ አድርገው ቢተዉት ራሱ ስቦ ይዘጋል። በኃይል ቢወረውሩትም «ድፍ» ይላል እንጂ አይጮህም፤ ትራስ ላይ ትራስ እንደመጣል ነው። ይህን ያወቅሁት እዚህ ሚኒሶታ፣ ዉድበሪ በምትባል ከተማ ውስጥ አንድ የተከበሩ አባወራ ተናድደውብኝ ሲወርዱ ነው። በሩን ወረወሩት። «ድፍ» አለ። ንዴታቸው የትም ሳይደርስ ቀረ። እኔም አዘንኩላቸው፤ ለእኔ የሚያዝን ስላልነበረ ቢያንስ ለአንዳችን ይታዘን ብዬ።

ጉዳዩ ሽምግልና ነበር። የእህቴ ልጅ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሌክ ስትሪት ላይ የሚመላለሰውን። አንዲት ነርስ ወደደ፣ እሷም ወደደችው፣ ወላጆቿ የሚኖሩት ዉድበሪ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሩክሊን ሴንተር ወዳለው አፓርታማዬ መጣና ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት።»

«አንድ ብቻ ከሆነማ የሠርግ ጉዳይ አይደለም።»

አልሳቀም። «ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ነው። ሥራዬን ግን ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ደብቃ አይደለም፤ በሽማግሌ አፍ ይነገር፣ ያኔ ክብር አለው ብላ ነው። እሳቸው ሥራ የሚንቁ ሰው አይደሉም፣ ውሸት ግን አይወዱም አለችኝ። ስለዚህ አውቶቡስ ነጂ ነው ብለው ይንገሩልኝ። ምንም አይጨምሩልኝ፣ ምንም አይቀንሱልኝ።»

«እኔ ደግሞ ምን እጨምራለሁ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዘመዶቼ ያውቁኛል።

አብረውኝ የሚሄዱትን ሁለቱን መረጥኩ። አንዱ ኤርትራዊ ጎረቤቴ ነው። አሥመራ ተማሪ ቤት በአማርኛ ተምሮ የወጣ፣ የእኔን አማርኛ መንገድ ላይ አስቁሞ የሚያርም ሰው ነው፤ ንግግሩን እሱ እንዲያደርግ ተስማማን። ሁለተኛው ሐጂ ናቸው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ኦሮምኛ ያወራሉ፣ ከእኛ ጋር ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ብዙም አያወሩም። ሐጂ የተቀመጡበት ቤት ጠብ አይነሳም። እኔ የገባሁት በዘመድነት ነው፤ በችሎታ ቢሆን ማንም አይጠራኝም።

የቀረው መኪና ነበር። የእኔዋ በሽተኛ ናት፤ ማሞቂያዋ በበጋ ይሠራል፣ በክረምት ያርፋል። ሴት ልጄ ደግሞ ሐኪም ናትና፣ በዚያ ዓመት ከአንድ ኩባንያ መኪኖች ሁሉ ቁንጮ የምትባለውን ጥቁር ሰዳን ገዝታ ነበር። ለመንኳት። ልጄ ሚኒሶታ ስለተወለደች ለልመናዬ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ኖ» ለማለት አማርኛ አይበቃትም። ያን ቀን ግን ለአክስቷ ልጅ ስትል እሺ አለች።

ቅዳሜ ከጎኗ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ውጭዋን ሲያዩት መኪናዋ ጯሂ አይደለችም። ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ በሥርዓት የተተኮሰ ሱፍ የለበሰች ትመስላለች። ነገሩ ያለው ውስጧ ነው። ቆዳው በእጅ የተሰፋ ይመስላል፣ እንጨቱ ቫርኒሽ ሳይቀባ ከነተፈጥሮ መስመሩ ተትቷል። በየጠርዙ የሚሄድ ቀጭን መብራት አላት፣ ቀለሙን አንተ ትመርጣለህ። የኋላ ወንበሮቿ ጀርባ ያሻሉ። መስታወቷ ድርብ ስለሆነ የውጭው ዓለም አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ የለውም። ከፊቷ ካለው መኪና ርቀቷን ራሷ ትጠብቃለች፣ ከመስመሯ ልትወጣ ስትል መሪውን ራሷ ትመልሳለች።

«ዳድ፣ እጅህ መሪው ላይ ይሁን። ኦልዌይስ» አለችኝ።

«ራሷ የምትሄድ ከሆነ የእኔ እጅ ምን ይሠራል?»

«ራሷ አትሄድም። ታግዝሃለች። ኃላፊው አንተ ነህ። እጅህን ካነሳህ ትቆጣለች።»

«እንደ እናትሽ።»

«ሌላ ደግሞ» አለች ቀልዴን ዘልላ፣ «እጅህን የምታይ ካሜራ ጣሪያው ላይ አለች። ስልክ ሲደወል በጣትህ ወደ ስክሪኑ ከጠቆምክ ታነሳለች። እጅህን ወደ ጎን ከጠረግክ ትዘጋለች። ጣትህን በአየር ላይ ካዞርክ ድምፅ ትጨምራለች። ስለዚህ ስታወራ እጅህን አታወናጭፍ፣ ፕሊስ።»

«እጄን ካላወናጨፍኩ እንዴት ነው አማርኛ የምናገረው?»

በሳምንቱ እሑድ ተነሳን። ናይንቲ ፎር በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስንወጣ ቅጠሉ ቀልቷል፣ እኔም ቀልቻለሁ፤ ከኩራት። ዕድሜዬን ኤርፖርት በታክሲ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ መኪና ያስተምረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወደ ኋላ ዞሬ ወሬ ስጀምር ግን መሪው እጄ ላይ ነዘረ፤ አክስት ሰው ፊት ስትቆነጥጥ እንደሚሰማው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መስመሩ መለሰን።

«አሁን የሚነዳው ማን ነው?» አለ ኤርትራዊው ጓደኛዬ።

«እኔ።»

«ከመስመር ያወጣንስ?»

«እኔ።»

«የመለሰንስ?»

«እሷ።»

«በል እንግዲህ ተመስገን። ከሁለት አንዳችሁ ነጂ ናችሁ።»

ሐጂ ከኋላ «ሱብሐነላህ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ያሸኛል» አሉ።

ዉድበሪ ስንደርስ ሰውየው በመስኮት ቆመው ይጠብቁናል። ጨዋ ሽማግሌ መኪናውን መንገድ ዳር ያቆምና ኮቱን አስተካክሎ በር ያንኳኳል። እኔ ግን ልጄ ያሳየችኝን ነገር አስታወስኩ። ሁላችንም ወረድን፤ ቁልፉን በእጄ ይዤ የቤቱ መግቢያ ላይ ቆምኩና ተጫንኩት። መኪናዋ ያለ ሰው ቀስ ብላ ገባች፣ ራሷን አስተካክላ ቆመች፣ መብራቷን አጠፋች። የሙሽሪት አባት ነጠላ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ወጡ። አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው፣ መኪና ሲያዩ ልጅ የሚሆኑ ሰው ኖረዋል። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፦

«ይቺ መኪና የማን ናት?» አሉ።

እዚህ ላይ አማርኛችንን መክሰስ እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ሆነህ ከቤትህ ከወጣህበት ደቂቃ ጀምሮ «ልጃችን» ማለት ሙሽራው ነው። «ልጃችን ልጃችሁን ወድዶ…»፣ «ልጃችን ጨዋ ነው…»። ሌላ ልጅ ብትወልድም ባትወልድም የለህም። እኔም ያን አውቄ፣ አፌ ጣፍጦኝ፣

«የልጃችን ናት» አልኩ።

ሕግ ፊት ብቀርብ ውሸት አይደለም። ባለ መኪናዋ የወለድኳት ልጄ ናት፤ «ችን» ማለት እኔና እናቷ ነን። ጓደኛዬ ግን ሳል አማረው። ሐጂ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ማሻ… እግዚአብሔር ይባርክለት!» አሉ ሰውየው፤ ሐጂን አይተው ነው መሰል ምርቃቱን ሊያስማሙ የሞከሩት።

ገባን። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ጓደኛዬ ያንን የአሥመራ ተማሪ ቤት አማርኛውን ዘረጋው፤ ግስ መጨረሻው ላይ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የሚቆምበት አማርኛ። ሰውየው በጥሞና ሰሙና የጠበቅነውን ጠየቁ።

«ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?»

ይህን የሚመልሰው ጓደኛዬ ነበር፤ ተስማምተናል። አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

«ትራንስፖርት ላይ ነው።»

«በግሉ?»

«ከከተማው ጋር ነው የሚሠራው። በቀን ስንት ሰው እንደሚያንቀሳቅስ ቢያውቁ!»

ሰውየው በመስኮት ወደ መኪናዋ አዩ። «በዚህ ዕድሜው!» አሉ።

ያን ጊዜ ልጅቷ ጭማቂ ይዛ ገባች። ለሐጂ በሁለት እጇ ሰጠች፣ ለጓደኛዬ በሁለት እጇ ሰጠች። የእኔን ብርጭቆ ይዛ ቆመችና ዓይኔን አየችው። አልተቆጣችም። «አሁን ይናገራል፣ አሁን እውነቱን ይጨምርበታል» ብሎ የሚጠብቅ ዓይን ነበር። እኔ ብርጭቆውን ተቀብዬ «እደጊ» አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሆናት የቀረበ ነርስ፣ እደጊ!

ጠዋት ከመስመር ስወጣ መሪው ነዝሮኛል። ምላስን የሚነዝር ግን እስካሁን አልሠሩም፤ ወይም ሠርተው ከሆነ የሚገጠመው ለሌላ ሞዴል ነው።

ሰውየው «ተቀመጡ» አሉ። በሽምግልና ቤት ተቀመጡ ማለት ግማሽ እሺ ነው። ተቀመጥን። «ቤተ ዘመድ ላማክርና ቀን እቆርጣለሁ፣ ልቤ ግን ደስ ብሎታል» አሉ። ከዚያ ሲሸኙን፣ እንደ ልጅ አፍረው፣ «ከመሄዳችሁ በፊት መኪናዋን አንዴ ልቀመጥባት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በነጂው ቦታ ተቀመጡ። እኔ ከጎናቸው፣ ሁለቱ ከኋላ። ሐጂ ወንበሩን ጀርባቸውን እንዲያሽ አዘዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የመብራቱን ቀለም ሰማያዊ አደረግሁ፣ ወይን ጠጅ አደረግሁ። ሰውየው መሪውን ዳበሱ፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከተሉ፣ በእንጨቱ ላይ እጃቸውን አሳለፉ። «ሥራ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ ሳየው አንጀቴን በላኝ፣ አንጀቴ ግን አፍ የለውም።

ስልኬ ጠራ። ስልኬን ከመኪናዋ ጋር ያገናኘችው ልጄ ራሷ ናት። ሰፊው ስክሪን ላይ በአማርኛ ፊደል፣ የጣት ቁመት በሚያህል ጽሑፍ፣ «ልጄ» የሚል መጣ።

ሰውየው አነበቡት። ፊታቸው በራ። «ልጄ! ልጃችን ነዋ! አንሱት፣ አንሱት፣ እኔም ሰላም ልበለው!»

«ኧረ ይተዉት፣ ይሄ እኮ…» ብዬ ስክሪኑን በጣቴ ጠቆምኩ።

መኪናዋ ጣቴን አየች። ታዛዥ ናት፣ አነሳችው።

«አባዬ! መጀመሪያ፣ መኪናዬን አልጫርካትም አይደል? ሁለተኛ፣ ነገራችኋቸው? ያ ምስኪን ዕረፍት ላይ አውቶቡሱን አቁሞ እየደወለ አስጨነቀኝ። አውቶቡስ ነጂ መሆኔን ነገሩልኝ ወይ እያለ…»

«በቃ በቃ» ለማለት እጄን በአየር ላይ አዞርኩት። እኛ «በቃ፣ ጠቅልለው» የምንልበት እጅ ነው። መኪናዋ ግን ድምፅ ጨመረች። እንደገና አዞርኩ። እንደገና ጨመረች። «አውቶቡስ» የሚለው ቃል ከጣሪያው፣ ከበሮቹ፣ ከእግራችን ሥር፣ ከሐጂ ወንበር ውስጥ ወጣ። ያን ያህል ጥርት ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። መኪናዋን የሠሩ ሰዎች ስለ ሙዚቃ የደከሙት ድካም በሙሉ ለእኔ ውርደት ዋለ።

«ዳድ? ሄሎ? አር ዩ ሾዊንግ ኦፍ? በመኪናዬ ጉራ እየነዛህ ነው አይደል?»

በመጨረሻ እጄን ወደ ጎን ጠረግሁና ዘጋች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። የዚያች መኪና ጸጥታ ደግሞ ተራ ጸጥታ አይደለም፣ ተጠንቶ የተሠራ ነው፤ የራስህን ልብ ትሰማለህ።

ሰውየው እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ።

«ልጃችን ያሉኝ ይቺን ነው?»

«አዎ። ሴት ልጄ ናት።»

«ትራንስፖርት ያሉኝስ?»

«አውቶቡስ ነው።»

«ጎበዝ ልጅ አለችዎት፤ ጥያቄዋም ቁም ነገር አለው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ጋሼ፣ እኔ ልጄን ለመኪና የምድር መሰልኩዎት?»

ወረዱ። በሩን ወረወሩት። ድፍ።

የመመለሻውን መንገድ ጀመርን። ሴንት ፖልን ስናልፍ መኪናዋ ደወል ነገር አሰማችና የስኒ ሥዕል አወጣች።

«ምን ትላለች?» አለ ጓደኛዬ።

«አነዳድህ ተዛብቷል፣ ደክሞሃል፣ ዕረፍ ነው የምትለው።»

«ከመናገር ዕረፍ ማለቷ ነው። አንተ ትርጉም አትችልም።»

«እኔ እኮ አልዋሸሁም» አልኩ። «ልጃችን ማለት…»

«አንተ ሰውዬ! ሰዋስው ውስጥ ልትደበቅ ነው? ሰዋስው ቁም ሳጥን አይደለም። እኔ እኮ አፌን ከፍቼ ነበር። የልጁን ሥራ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር!»

ሐጂ ከኋላ ቀስ ብለው «የተኛሁ መስሏችሁ ነበር» አሉ። «አልተኛሁም። ዓይኔን የጨፈንኩት እርስዎን ላለማየት ነው።» በዓመት የማይናገሩ ሰው ናቸው። የዓመታቸውን ለእኔ አወጡት።

የእህቴ ልጅ አፓርታማዬ በር ላይ የአውቶቡስ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀልድ አስገብቼ ለማለስለስ ሞከርኩ፣ እጄ ድምፅ ስትጨምር የሚለውን ክፍል በደንብ ተወንኩት። አልሳቀም። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«አውቶቡሱ ነው ያሳፈረዎት፣ ጋሼ?»

«ምን ሲባል!»

«እኔን ከአገሬ ያስመጡኝ ታክሲ ነድተው እኮ ነው።»

ይህን ብሎ ሄደ። እኔ ኮቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። «ትራንስፖርት» የሚለው ቃል ያን ቀን ለእሱ ብዬ የፈጠርኩት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ከሌሎች ወላጆች ጋር ቆሜ፣ «ምን ላይ ነው የሚሠሩት?» ሲሉኝ ስንት ዓመት «ትራንስፖርት ላይ ነኝ» ብያለሁ። የራሴ አሮጌ ካፖርት ነበር። ልጁን ሳላስፈቅደው አለበስኩት። በልኩም አልነበረም።

ሰውየው ስልክ አላነሳ አሉ። በረዶ ከጣለ በኋላ ልጅቷ በእህቴ ልጅ በኩል መልእክት ላከች፦ አባቴ ይምጡ ብለዋል፣ ግን የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ። እሳቸው ማለት እኔ።

ልጄ መኪናዋን እንድወስድ ራሷ ጠየቀችኝ። እምቢ አልኳት፤ በእንግሊዝኛ። በአውቶቡስ ሄድን። ሁለት ቦታ ቀየርን፤ የመጨረሻው ሰዎችን ከሥራ ወደ ቤታቸው የሚመልሰው ነበር። ነጂዋ ለሐጂ ስትል አውቶቡሱን ወደ መሬት ዝቅ አደረገችላቸው፣ እስኪቀመጡም ሳትነሳ ጠበቀች። ጓደኛዬ በክርኑ ነካኝ። «ይሄም ያግዛል» አለ።

ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ቤታቸው የእግር መንገድ የለም። ዉድበሪ በእግሩ የሚመጣ ሽማግሌ አለ ብሎ አላሰበም። በመንገዱ ጠርዝ ላይ በበረዶ ውስጥ እርስ በርስ ተደጋግፈን ስንመጣ ሰውየው በመስኮት አዩን። በነጠላ ጫማቸው ወጡ፤ በዚያ ብርድ!

«ምን ሆናችሁ? መኪናስ?»

መግቢያው ላይ፣ መኪናዋ ያለ ሰው የቆመችበት ቦታ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። «ልጃችን የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። የአደራ ቃሉም ይሄ ነበር፣ እኔ ነኝ የበላሁበት። መኪናዋ የሴት ልጄ ናት። እኔም ጡረታ እስክወጣ ታክሲ ነድቻለሁ።»

«ግቡ» አሉ፤ «ብርድ ነው።»

ሳሎን ገብተን ቆምን። ለሐጂ «ይቀመጡ» አሉ። ለጓደኛዬ «ተቀመጥ ወንድሜ» አሉ። ለእኔ ምንም አላሉኝም። የወንበር መደገፊያ ይዤ ቆምኩ፤ ቦታ የሞላበት አውቶቡስ ውስጥ እንደሚቆመው። ስለ ልጁ ጠየቁኝ፦ በስንት ሰዓት ይነሳል፣ በበረዶ እንዴት ያደርጋል፣ ተሳፋሪ ሲሰድበው ምን ይላል። የማውቀውን መለስኩ፣ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። አላውቅም ማለት እንዴት እንደሚያደክም!

በመጨረሻ «ብዙ ሰው ያንቀሳቅሳል ብለውኝ ነበር» አሉ።

«አዎ። ይኸው ዛሬ እኔን ግትሩን እንኳ ከቤቴ አንቀሳቅሶ እዚህ አቁሞኛል።»

ሳቅ አፈናቸው፤ ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ልጅቷ ከወጥ ቤት ወንበር ይዛ መጥታ ከኋላዬ አስቀመጠችልኝ። አባቷን አየሁ። «ይቀመጡ» አሉ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ ዞረው።

ተጋቡ። ሐጂ መረቁ፣ ጓደኛዬ ንግግር አደረገ፣ እኔን ማይክሮፎን አጠገብ አላደረሱኝም።

አማቻችን ግን እስከ ዛሬ አልማሩኝም። የትም ብንገናኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሁን ልደት፣ ከመኪና ስወርድ ሰላምታውን ሳንጨርስ «ይቺስ የማን ናት?» ይላሉ፤ ሰው በተሰበሰበበት። ባለፈው ከሴት ልጄ ጋር በዚያችው በበሽተኛዋ መኪናዬ መጥቼ ነበር፤ መከላከያዋ በሽቦ ታስሯል። «የእኔ ናት» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ፣ ሽቦውን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው፦

«እውነቱን ነው?» ሲሉ ጠየቋት።